የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ያለ ዕድሜው የሚያልቀው ለምንድን ነው?

ሞተር ሳይክል በገጠሩም ሆነ በከተማው የብዙዎች ሥራ የሚራመድበት እግር ሆኗል። የግብርና ባለሙያው ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወረው፣ የጤና ባለሙያው ክትባት ይዞ መኪና ወደማይገባበት መንደር የሚዘልቀው፣ አርሶ አደሩ ምርቱን ለገበያ የሚያደርሰው፣ የከተማው ወጣትም ዕቃና ሰው እያመላለሰ የዕለት ገቢውን የሚያገኘው በዚሁ ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ነው።

ሞተሩ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ጉልበቱ ወደ ኋላው ጎማ የሚደርሰው በሰንሰለቱ በኩል ነው። ብዙዎች ካቴና እያሉ የሚጠሩት ይህ ክፍል ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለ። ሞተሩና ካምቢዮው በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ ዘይት እየተረጨላቸው ይሠራሉ። ሰንሰለቱ ግን በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ አቧራና ጭቃ ከሚረጨው ጎማ አጠገብ ተጋልጦ ይውላል። ዘይት የሚያገኘውም ባለቤቱ ሲያስታውሰው ብቻ ነው።

ሳይታወስ ሲቀር ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይወሰንም። ከመጠን በላይ የላላ ሰንሰለት ከጥርሱ ወጥቶ በጎማውና በአካሉ መካከል ሊሰነቀርና የኋላውን ጎማ በድንገት ሊያስር ይችላል። ሲበጠስ ደግሞ የተበጠሰው ጫፍ ተወንጭፎ የሞተሩን ቤት ሊሰነጥቅ ይችላል። ይህ በቁልቁለት ወይም ሰው ተፈናጥጦ ሳለ ቢደርስ ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ነው። አብዛኛው ጉዳት ግን አስቀድሞ ምልክት የሚሰጥና በጥቂት ዘይት፣ በቁራጭ ጨርቅና በግማሽ ሰዓት ሥራ ሊወገድ የሚችል ነው።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው

ሰንሰለት ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ ብረት ይመስላል፤ ቀርቦ ላየው ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ብረቶች ስብስብ ነው። በግራና በቀኝ የጎን ብረቶች አሉ፤ እነርሱን የሚያያይዙ ፒኖች አሉ፤ ፒኑ የሚዞርበት ቀጭን ቱቦ አለ፤ ከቱቦው ውጭ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል የሚያርፍ ሮለር አለ። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዝ ማንቸስተር ከተማ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት በትውልዱ ስዊዘርላንዳዊ የሆነው ሃንስ ሬኖልድ ነው። ዛሬም በሞተር ሳይክል ላይ የሚሠራው ሰንሰለት መሠረቱ ያው ነው።

የሰንሰለቱ ዕድሜ የሚወሰነው ዓይን በማያየው ቦታ፣ ማለትም በፒኑና በቱቦው መካከል ነው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ወደ ፊተኛው ጥርሳም መዘውር ሲገባና ሲወጣ፣ እንዲሁም ወደ ኋለኛው ሲገባና ሲወጣ በጠቅላላው አራት ጊዜ ይታጠፋል። የኋላው መዘውር 42 ጥርስ፣ ሰንሰለቱ 110 መገጣጠሚያ፣ የጎማው ዙሪያ ደግሞ 1.9 ሜትር ገደማ የሆነ ሞተር ሳይክል በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ ሰንሰለቱ በአንድ ደቂቃ 200 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህም ማለት እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይታጠፋል ማለት ነው። በመካከሉ ዘይት ካለ ብረት በዘይት ላይ ይንሸራተታል፤ ዘይት ከሌለ ብረት ብረትን ይበላል።

በተለምዶ «ሰንሰለቱ ተለጠጠ» ሲባል ይሰማል። እውነታው ግን የጎን ብረቶቹ እንደ ጎማ ተለጥጠው አለመሆኑ ነው። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ውስጥ ፒኑና ቱቦው ስለተበሉ ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱ በአንዱ መገጣጠሚያ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ በ110 መገጣጠሚያዎች ሲደመር ሰንሰለቱ በ11 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የረዘመ ሰንሰለት ደግሞ ከጥርሶቹ ጋር መመጣጠኑ ይቀራል፤ ጥርሶቹንም አብሮ ይበላል።

አቧራ እንደ ሞረድ፣ ጭቃ እንደ ወንፊት

በኢትዮጵያ መንገዶች ሰንሰለት ሁለት ወቅታዊ ፈተናዎች አሉበት። በበጋ፣ በተለይም በጠጠር መንገድ ላይ፣ ደቃቅ አቧራ በዘይት ከረጠበው ብረት ላይ ተለጥፎ ወደ መገጣጠሚያዎቹ ይሰርጋል። ዘይትና አሸዋማ አቧራ ሲደባለቁ ብረትን እንደ ሞረድ የሚፍቅ ጥቁር ልጥፍ ይሆናሉ። በዚህ ላይ ሳያጸዱ ዘይት መጨመር ሞረዱን ይበልጥ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው።

በክረምት ደግሞ ውኃው ዘይቱን ጠርጎ ይወስደዋል፤ በአንድ ሌሊትም ዝገት ይጀምራል። ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ እንዳለው የፎገራ ሜዳ ባለ ጥቁር አፈር አካባቢ የሚጓዙ አሽከርካሪዎች እንደሚያውቁት፣ ጭቃው በሰንሰለቱና በመሸፈኛው መካከል ተጠቅጥቆ ይደርቃል። የደረቀው ጭቃም ከሰንሰለቱ የቀረውን ዘይት እንደ ወንፊት እያሳለፈ ያደርቀዋል። ወንዝ ተሻግሮ የገባ ሞተር ሳይክል በዚያው ዕለት ምሽት ሰንሰለቱ ተጠርጎ ዘይት ሊቀባ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የተቃጠለ ዘይት ለምን አይመከርም?

በብዙ ቦታ ከሞተር ውስጥ ተገልብጦ የወጣውን የተቃጠለ ዘይት በሰንሰለት ላይ ማፍሰስ የተለመደ ነው። ዋጋ ስለማይጠይቅ ጥቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ይህ ዘይት በሞተሩ ውስጥ በቆየበት ጊዜ ጥቃቅን የብረት ፍቅፋቂ፣ ጥላሸትና ብረትን የሚጎዳ አሲድ ሰብስቧል። ቀጭን ስለሆነም በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ ወደ ጎማውና ወደ ተፈናጣጩ ልብስ ይረጫል። በተደጋጋሚና ለረዥም ጊዜ ቆዳን ሲነካ ለቆዳ ካንሰር ሊያጋልጥ ስለሚችልም ለእጅ ጤና መልካም አይደለም።

ግራሶን በላይ በላዩ መለጠፍም መፍትሔ አይሆንም። ግራሶ ወፍራም በመሆኑ ዘይት የሚያስፈልገው ውስጠኛው መገጣጠሚያ ድረስ አይዘልቅም፤ ከውጭ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል።

ለአነስተኛ ሞተር ሳይክሎች ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው የሚጠቅሱትና በቀላሉ የሚገኘው፣ ለመኪና ካምቢዮ የሚውለው ቁጥር 90 ንጹሕ ዘይት ነው። ወደ ውስጥ ለመስረግ የሚበቃ ቅጥነት፣ በቶሎ ላለመረጨትም የሚበቃ ውፍረት አለው። ለሰንሰለት ተብሎ የተዘጋጀ የሚነፋ ዘይት የሚያገኝ ሰውም ያንኑ ሊጠቀም ይችላል። በወጪ ረገድ ሲታሰብ፣ በአንድ ጊዜ 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ያነሰ ዘይት ቢውል፣ አንድ ሊትር ዘይት ለ50 ጊዜ ይበቃል። በየ500 ኪሎ ሜትሩ የሚቀባ ሰው በአንድ ሊትር 25 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል ማለት ነው።

ሰንሰለቱ የትኛው ዓይነት ነው?

ከማጽዳት በፊት የሰንሰለቱን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በጎን ብረቶቹ መካከል ጥቃቅን የጎማ ቀለበቶች የሚታዩ ከሆነ፣ ሰንሰለቱ በፋብሪካ የገባለት ግራሶ በቀለበቶቹ ታሽጎ የሚገኝበት ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ሰንሰለት በነጭ ጋዝ ብቻ ይጸዳል። ቤንዚን የጎማ ቀለበቶቹን ያደርቃል፤ የሽቦ ብሩሽ ደግሞ ይቆርጣቸዋል። ግራሶው በውስጡ ቢኖርም ሮለሮቹና የውጩ ብረት ዘይት ስለሚፈልጉ፣ ከመቀባት ነጻ አይደለም።

የጎማ ቀለበት የሌለው ሰንሰለት በአብዛኞቹ አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚገኘው ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም ውስጡ ክፍት ስለሆነ ዘይት ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። ለገጠር ሥራ ተብለው የተሠሩ እንደ ያማሃ ኤጂ 200 ያሉ ሞተር ሳይክሎች ሰንሰለታቸው ዙሪያውን በተዘጋ መሸፈኛ ውስጥ ይሽከረከራል። ይህ መሸፈኛ ከአቧራና ከጭቃ ስለሚጠብቅ «ለመቀባት ያስቸግራል» ተብሎ ተፈትቶ ሊጣል አይገባም። በአንጻሩ ባለ ሦስት ጎማው ባጃጅ ኃይሉን የሚያስተላልፈው በዘንግ በመሆኑ እንዲህ ያለ ሰንሰለት የለውም።

አጸዳዱና አቀባቡ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፤ ሞተሩ መጥፋትና ቁልፉ መነቀል አለበት። ሞተሩን አስነሥቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማው በራሱ እየዞረ ጨርቅ ወደ ሰንሰለቱ ማስጠጋት ጣት ያስቆርጣል። ጨርቁ በጥርሱና በሰንሰለቱ መካከል ሲያዝ እጅን ለመሳብ ጊዜ አይሰጥም። ሕፃናትንም ከአካባቢው ማራቅ ይገባል።

ከዚያም ሞተር ሳይክሉ ደልዳላ መሬት ላይ በመሐል መቆሚያው ይቆማል፤ ማርሹ ነጻ ይደረጋል፤ የኋላው ጎማ በእጅ ወደ ኋላ አቅጣጫ ይዞራል። ወደ ኋላ ማዞሩ በታችኛው በኩል የሚሠራ እጅ ወደ ኋለኛው መዘውር እንዳይሳብ ይረዳል።

በመጀመሪያ የደረቀው ጭቃ በእንጨት ይፈቀፈቃል። ቀጥሎ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ነጭ ጋዝ እየተነከረ አራቱም የሰንሰለቱ ጎኖች ይታሻሉ። ከሥሩ ጣሳ ወይም ሳህን ማስቀመጥ ቆሻሻው መሬት ላይ እንዳይፈስ ያደርጋል። ቤንዚን በቀላሉ በእሳት ስለሚያያዝ ለዚህ ሥራ አይመረጥም፤ በነጭ ጋዝም ቢሆን በአቅራቢያው ሲጋራ ማጨስ ወይም እሳት ማንደድ አይገባም። ሞተር ሳይክልን ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ ደግሞ ሰዎችና ከብቶች የሚጠጡትን ውኃ በዘይት ይበክላል፤ በብርቱ የሚፈናጠር ውኃም ቆሻሻውን ወደ መገጣጠሚያዎቹ ይገፋዋል።

ሰንሰለቱ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ ዘይቱ ይቀባል። ዘይቱ መንጠብጠብ ያለበት በታችኛው የሰንሰለት ክፍል ላይ፣ ወደ ውስጥ በሚመለከተው ፊት፣ የጎን ብረቶቹ በሚደራረቡበት ጠርዝ ላይ ነው። ሰንሰለቱ ሲሽከረከር ዘይቱ ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ ከውስጥ በኩል የገባው ዘይት በመገጣጠሚያው ውስጥ ያልፋል፤ ከውጭ የተቀባው ግን ተረጭቶ ይጠፋል። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ በግራም በቀኝም አንዳንድ ጠብታ ይበቃል። የሰንሰለቱን መጋጠሚያ ክሊፕ እንደ መነሻ ምልክት መያዝ ዙሩ የት እንደተጀመረና የት እንዳበቃ ለማወቅ ይረዳል።

ጊዜው ምሽት ቢሆን ይመረጣል። ከጉዞ በኋላ ሰንሰለቱ ሞቅ ስለሚል ዘይቱ ቀጥኖ በቀላሉ ይሰርጋል፤ ሌሊቱንም ሲሰርግ ያድራል። ጠዋት ላይ ከመነሣት በፊት ከውጭ የቀረውን ዘይት በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ይህን መተው ብዙዎች የሚዘነጉት ስሕተት ነው። ሰንሰለትን የሚጠብቀው ውስጡ ያለው ዘይት ነው፤ ውጩ ላይ የተረፈው አቧራ ከመጥራት በቀር ጥቅም የለውም። በተለይ ዘይቱ ጎማውንና ፍሬኑን አለመንካቱን ማረጋገጥ የግድ ነው።

ብዙ አምራቾች በየ500 ኪሎ ሜትሩ ሰንሰለት እንዲጸዳና እንዲቀባ ይመክራሉ። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሰው ይህ በየ10 ቀኑ፣ 100 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ደግሞ በየ5 ቀኑ ማለት ነው። አቧራ በበዛበት መንገድ ከዚህም ቀደም ብሎ፣ ከዝናብና ከወንዝ ማቋረጥ በኋላ ደግሞ ኪሎ ሜትር ሳይቆጠር መቀባት ይገባል።

መጥበቅም መላላትም ይጎዳል

ዘይት ብቻውን አይበቃም፤ ሰንሰለቱ በልክ መወጠር አለበት። ልኩ የሚታየው በታችኛው ክፍል፣ በሁለቱ መዘውሮች መካከለኛ ቦታ ላይ ሰንሰለቱን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች በማንቀሳቀስ ነው። በአነስተኛ የመንገድ ሞተር ሳይክሎች ላይ ይህ እንቅስቃሴ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከፍ ብለው ለኮረኮንች መንገድ በተሠሩት ላይ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ትክክለኛውን ቁጥር ከሞተር ሳይክሉ መመሪያ ወይም በሰንሰለቱ አጠገብ ከተለጠፈው ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። ሰንሰለት በእኩል ስለማይበላ ጎማው እየዞረ በተለያየ ቦታ ይለካል፤ መነሻ የሚሆነውም ይበልጥ ጠብቆ የተገኘው ቦታ ነው።

«ቢጠብቅ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ ጭነት ለሚያበዙ አሽከርካሪዎች አደገኛ ነው። ሰው ሲፈናጠጥ ወይም እህል ሲጫን የኋላው ጎማ ወደ ላይ ስለሚገባ፣ በሁለቱ መዘውሮች መካከል ያለው ርቀት ይጨምራል። ባዶውን ሳለ የጠበቀ ሰንሰለት ሲጫን እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል፤ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይጎዳል፤ ራሱም ይበጠሳል። ከመጠን በላይ የላላውም በበኩሉ ጥርስ እየዘለለ ይንገጫገጫል፤ ከመዘውሩም ይወጣል።

ለማስተካከል የኋላ ጎማው ዘንግ ዳዶ ይላላል፤ ከዚያ በግራና በቀኝ ያሉት ማስተካከያ ዳዶዎች በእኩል መጠን ይዞራሉ። በሁለቱም በኩል የተቀረጹት መስመሮች እኩል ቦታ ላይ መሆናቸው ይታያል። አንዱ ጎን ከሌላው ከቀደመ ጎማው ይጣመማል፤ ሰንሰለቱም ጥርሱን ከጎኑ ይበላል። የዘንጉ ዳዶ በደንብ ከጠበቀና እንዳይፈታ የሚይዘው ፒን ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ልኩ እንደገና ይታያል። ጎማው ወደ ኋላ ሲሳብ የፍሬን ዘንጉም አብሮ ስለሚሳብ፣ የኋላ ፍሬን መያዙንና መልቀቁን ሳያረጋግጡ መነሣት አይገባም።

የሚቀየርበት ጊዜ

የቱንም ያህል ቢያዝ ሰንሰለት የሚያልቅበት ጊዜ ይመጣል። በብዙ አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚገኘው 428 ቁጥር ሰንሰለት ከፒን ፒን ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አዲስ ሳለ ሃያ መገጣጠሚያ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰንሰለቱ ተወጥሮ ከአንድ ፒን መሐል እስከ ሃያ አንደኛው ፒን መሐል በሜትር ሲለካ ወደ 259 ሚሊ ሜትር ከደረሰ በ2 በመቶ ረዝሟል፤ መቀየሪያው ደርሷል ማለት ነው።

መለኪያ በሌለበትም ምልክቶች አሉ። በኋላኛው መዘውር የኋላ ጠርዝ ላይ ሰንሰለቱ በጣት ወደ ውጭ ሲሳብ የጥርሱ ግማሽ ያህል ከታየ፣ ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ወደ አንድ አቅጣጫ ከታጠፉ፣ አንዳንድ መገጣጠሚያዎች ከጸዱና ከተቀቡ በኋላም አልታጠፍ ካሉ፣ ወይም ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ከተሳበ ዕድሜው አብቅቷል። በዚህ ጊዜ ሰንሰለቱና ሁለቱ መዘውሮች አንድ ላይ ይቀየራሉ። አዲስ ሰንሰለትን በተበላ ጥርስ ላይ መግጠም አዲሱን በአጭር ጊዜ እንደ አሮጌው ያደርገዋል። ሲገዛም በጎን ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና የመገጣጠሚያውን ብዛት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤች» የሚል ፊደል ካለ የጎን ብረቶቹ ወፈር ያሉ መሆናቸውን ያመለክታል፤ ጭነት ለሚበዛበት ሥራም ይስማማል።

ሲገጠም የመጋጠሚያው ክሊፕ አቀማመጥ ቀላል የማይባል ጉዳይ ነው። የተዘጋው ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ የተከፈተው ጫፍ ወደ ኋላ መዞር አለበት። በተቃራኒው ከተገጠመ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ነክቶት ሊወልቅና ሰንሰለቱን ሊፈታው ይችላል።

ከሰንሰለቱ ጋር ተያይዞ የሚነሣው ሌላው ጥንቃቄ የተፈናጣጭ ልብስ ነው። የነጠላ ጫፍ፣ የጋቢ ዘርፍ ወይም ረዥም ቀሚስ በሰንሰለቱና በመዘውሩ መካከል ሲያዝ ሰውን ከሞተሩ ላይ ጎትቶ ይጥላል። የሰንሰለቱ መሸፈኛ በቦታው እንዳለና ልብሱ ወደ ውስጥ እንደተሰበሰበ ሳያዩ ሰው ማሳፈር አይገባም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ድምፁ የተለወጠ፣ የሚንገጫገጭ ወይም የዛገ ሰንሰለት ያለበት ሞተር ሳይክል ለረዥም ጉዞ ከመነሣቱ በፊት ሊታይ ይገባዋል። ጋራዥ በሌለበት መንገድ የሚመላለስ አሽከርካሪም ከመቀመጫው ሥር ፒንሳ፣ የሰንሰለቱን ቁጥር የሚመስል አንድ መለዋወጫ መጋጠሚያ ከነክሊፑና ቁራጭ ጨርቅ ቢይዝ፣ ክሊፑ በመንገድ ላይ ቢወልቅ እንኳ መንደር ሳይመሽበት ይደርሳል።